ሰባት ጊዜ የወለቀ ትከሻ፦ «በካሜራ» ይሰፋ ወይስ ላታርዤ?

የአባይ ማዶ ሐኪም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ልጽፍለት የተዘጋጀሁ ታካሚ አለ፤ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት የአጥንት ሐኪሞችን አስተያየት እፈልጋለሁ።

ዕድሜው 24፣ ገበሬ፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም፤ የተጎዳውም ቀኙ ነው። መጀመሪያ የወለቀው የዛሬ ሦስት ዓመት በሬ ሲጠምድ ነው፤ በሬው ሲደነብር ቀንበሩን የያዘው እጁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። እስካሁን ሰባት ጊዜ ወልቋል። ሦስቱን ወጌሻ፣ አራቱን እኛ መልሰናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ያለ ምንም ጉልበት ነው የወጡት፤ አንዱ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሲያጣፋ፣ ሌላው ሌሊት ተኝቶ።

ምርመራው፦ ክንዱን ወደ ጎን 60 ዲግሪ ብቻ ከፍቼ ወደ ውጭ ሳዞረው ፊቱ ይለዋወጣል፤ «ተው፣ ሊወጣ ነው» ብሎ በግራ እጁ እጄን ይይዘኛል። የዴልቶይድ ጡንቻ ይሠራል፤ በላዩ ያለው ቆዳም ስሜቱ ደህና ነው። መገጣጠሚያዎቹ በተፈጥሮ የላሉ አይደሉም። በሲቲ ስካኑ ንባብ የጤናማው ወገን ግሌኖይድ (የክንዱ አጥንት ራስ የሚያርፍበት የትከሻ ገበታ) ስፋት 28 ሚሊ ሜትር፣ በቀኙ ከፊት የጎደለው 6 ሚሊ ሜትር ነው። የክንዱ አጥንት ራስ ላይ ከኋላ ሂል-ሳክስ የሚባለው፣ ሲወልቅ ከግሌኖይዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የተፈጠረ ጉድጓድ አለ፤ ከሮታተር ከፍ (ትከሻን ከሚያዞሩት ጅማቶች) መያዣ እስከ ጉድጓዱ ውስጠኛ ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር።

ታካሚው ስልክ ላይ «በካሜራ፣ በሦስት ቀዳዳ» የሚሠራውን አይቶ እሱን ነው የሚፈልገው። ይሆነዋል? ካልሆነስ ምን ብዬ ላስረዳው? ደግሞም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክትትሉ እኛ ጋ ስለሚሆን ምን ምን ማየት እንዳለብኝ፣ እርፍና ጅራፍ የሚጨብጠውም መቼ እንደሆነ ንገሩኝ። አሁን ኅዳር ነው፤ ጤፉ አጨዳ ላይ ነው።

ብረትና አጥንት (የአጥንት ቀዶ ሐኪም)፦

ዶክተር፣ ጥሩ አድርገው አቅርበውታል። ብዙው ሪፈር «ተደጋጋሚ የትከሻ ውልቃት» ከምትል አንድ መስመር ጋር ነው የሚደርሰን። ልኮቹ እጅዎ ላይ ስላሉ ስሌቱን እዚሁ እንሥራው።

ግሌኖይድ ትራክ የምንለው ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሲዞር ግሌኖይዱ በክንዱ አጥንት ራስ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድበትን ጎዳና ነው። ስፋቱ የጤናማው ግሌኖይድ 83 በመቶ ሲሆን ከዚያ ላይ የጎደለው አጥንት ይቀነሳል። 28 በ0.83 ሲባዛ 23.2፤ 6 ሲቀነስ 17.2 ሚሊ ሜትር። የሂል-ሳክሱ ልክ 20 ነው። 20 ከ17.2 ስለሚበልጥ ጉድጓዱ ከጎዳናው ወጥቷል ማለት ነው፤ እጁን ባነሣ ቁጥር የግሌኖይዱ ጠርዝ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና አጥንቱ እንደ መንጠቆ ይያዛል፤ ከዚያ ይወልቃል። የጎደለው ደግሞ 6 ለ28፣ ማለትም 21 በመቶ ነው።

ለታካሚው ሲያስረዱት በጀበና ይጀምሩ። ዳሌ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ጉድጓዱ ራሱ ይይዘዋል። ትከሻ ግን ጀበና በማቶት ላይ ነው። ላብረም የሚባለው በጠርዙ ዙሪያ ያለው ቀለበት ማቶቱን ጠለቅ ያደርገዋል። ቀለበቱ ብቻ ከተላቀቀ ወደ ቦታው መስፋት ይበቃል፤ የባንካርት ጥገና የሚባለው ይኸው ነው። ባንካርት ጉዳቱን ለንደን ላይ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ማቶቱ ራሱ ከፊት ከተሸረፈ ግን ዙሪያውን ጨርቅ ቢጠቀልሉለትም ጀበናው ወደ ተሸረፈበት መዘንበሉ አይቀርም። በካሜራ የሚሠራው ጥገና ለዚህ ሰው የማይሆነው ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ የሚሰፋው ጨርቁን እንጂ ማቶቱን ስላልሆነ ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ቡርክሃርትና ደ ቢር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት የ194 ታካሚዎች ሥራ በካሜራ ከተሰፉት መካከል ከባድ የአጥንት ጉድለት ያልነበራቸው 4 በመቶ፣ የነበራቸው 67 በመቶ እንደገና ወልቆባቸዋል። እኔ የማውቃቸው ልኮች ሁሉ ከዚህ በኋላ ወረዱ እንጂ አልወጡም። በፊት 25 በመቶ ነበር ድንበሩ፤ ከዚያ 20 ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሻሃ ቡድን ከ13.5 በመቶ ጀምሮ ታካሚው ባይወልቅበት እንኳ በትከሻው ደስተኛ እንደማይሆን አሳየ።

ባልግና ቧሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት የነጥብ መለኪያም አለ፤ ከ6 በላይ ከሆነ ስፌት ብቻ አይበቃም ይላል። የርስዎ ታካሚ ዕድሜው ከ20 ስላለፈ 0፣ መገጣጠሚያው የላላ ስላልሆነ 0፤ ሂል-ሳክሱ ክንዱ ወደ ውጭ ዞሮ በተነሣው ራጅ ላይ ከታየ 2፣ የግሌኖይዱ የታችኛው ጠርዝ መስመር ከጠፋ 2፣ እጅን ከራስ በላይ የሚያነሣ እንቅስቃሴ 1። አምስት ሆነ። የቀረው «የውድድር ስፖርት» የሚለው 2 ነጥብ ነው። መለኪያው የተሠራው ስፖርተኛን አስቦ እንጂ የጎጃምን ገበሬ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጅራፍ የሚያነሣና ፍልጥ የሚፈልጥ ሰው ከቮሊቦል ተጫዋች በምን ያንሳል? እኔ 2ቱን እሰጠዋለሁ፤ 7 ይሆናል።

ስለዚህ ምርጫዬ ላታርዤ ነው። ሊዮን የነበረው ሚሼል ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ነው። ኮራኮይድ የተባለውን ምንቃር የመሰለ አጥንት ከነጅማቱ ቆርጦ፣ ግሌኖይዱ በጎደለበት በኩል በሁለት ብሎን ማሰር ነው። ጥቅሙ ሦስት ነው። አንደኛ አጥንት ይተካል፤ ቁራጩ 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር 17.2 የነበረው ጎዳና ከ25 በላይ ይደርሳል፣ 20ው ጉድጓድም ተመልሶ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውና እኔ ትልቁ የምለው፣ ከቁራጩ ጋር የሚመጣው ጅማት እጅ ሲነሣ ከፊት እንደ ቀበቶ ተወጥሮ የክንዱን አጥንት ራስ ወደ ኋላ መያዙ ነው። ሦስተኛው መገጣጠሚያውን የሚከብበው ከረጢት ስፌት ነው።

ግን አንድ ነገር አልነገሩንም። «ሌሊት ተኝቶ ወለቀ» ሲባል አጥንት ብቻ አይታሰብም። የሚጥል በሽታ ሌሊት ብቻ የሚመጣበት ሰው አለ። ጠዋት ምላሱ ተነክሶ፣ መኝታው ረጥቦ፣ ሰውነቱ ሁሉ ተቀጥቅጦ ያውቃል? አብራው የምታድረውን ይጠይቁ፤ እሱ አያውቀውም። ካለበት መድኃኒቱ ይቅደም። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ መንቀጥቀጥ የትኛውንም ብሎን ያጣምማል።

ጮቄ (የአጥንት ቀዶ ሐኪም)፦

በውሳኔው እስማማለሁ፤ በልኩ ላይ ግን ልግባ። 6 ሚሊ ሜትሩ እንዴት ተለካ? በተራው የሲቲ ቁራጭ ላይ በመስመር ከተለካ አላምነውም። የክንዱ አጥንት ራስ ከምስሉ ተወግዶ፣ ግሌኖይዱ ፊት ለፊት እንዲታይ ተደርጎ፣ የታችኛው ሁለት ሦስተኛ ላይ ክብ ተሥሎ ነው የሚለካው። ክቡ በጤናማው ወገን ተሥሎ ወደ ታመመው ይዛወራል። ምስሉ ትንሽ ካጋደለ 2 ሚሊ ሜትር መሳሳት ቀላል ነው።

እንበልና እውነተኛው 4 ቢሆን? 23.2 ሲቀነስ 4፣ 19.2። አሁንም 20 ይበልጠዋል፤ ግን በጠባብ ልዩነት። የጎደለው 14 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ካሜራና አንከር (ክሩን አጥንት ላይ የሚይዝ ትንሽ ችንካር) ባለበት ቦታ ባንካርት ከረምፕሊሳዥ ጋር መታሰብ ይችላል፤ ማለትም ከኋላ ያለውን ጉድጓድ በኢንፍራስፓይናተስ ጅማት መሙላት። ስለዚህ ሪፈሩ ላይ ንባቡን ብቻ አይላኩ፤ የሲቲውን ሲዲ አብረው ይላኩ። ንባብ እንደገና አይለካም።

የአጥንት ጉድለት ለሌለው ሰው ደግሞ ካሜራ የለም ተብሎ ሳይታከም አይቅር። ክፍት ባንካርት አለ፤ አንከር ባይገኝ እንኳ የግሌኖይዱ ጠርዝ ላይ በቀጭን ድሪል ቀዳዳ ከፍቶ ክሩን በአጥንቱ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። ማስጠንቀቅ የምፈልገው ከፑቲ-ፕላት ነው። ከትከሻው ፊት ያለውን ሰብስካፑላሪስ ጡንቻ አሳጥሮ መስፋት ነው፤ አይወልቅም፣ እውነት ነው፤ ግን ክንዱ ወደ ውጭ አይዞርም፣ ከዓመታት በኋላም መገጣጠሚያው ያልቃል። ታስሮ የተቀመጠ ትከሻ ዳነ አይባልም።

አንድ ተጨማሪ፣ ለሌሎች አንባቢዎች፦ ታካሚው ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ ከውልቃቱ በኋላ እጁን ማንሣት ሲያቅተው «ነርቭ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍ። በዚያ ዕድሜ የሚቀደደው በአብዛኛው ሮታተር ከፍ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

የአባይ ማዶ ሐኪም፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሚስቱን ጠይቄአለሁ፤ ምላስ መንከስም ሆነ መንቀጥቀጥ አይታ አታውቅም። የተኛው እጁን ከራሱ በላይ አጥፎ እንደ ትራስ አድርጎ ነው፤ ሲገላበጥ ወጣ። ሲዲውም አለ፣ እልካለሁ።

አሁን ደግሞ ለራሴ፦ ቀዶ ሕክምናው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ቢነገረኝ። ሲመለስ የማየው ነገር ከየት እንደመጣ እንዳውቅ ነው። ደግሞም ቀዶ ሕክምናውን ሲጠብቅ ቢወልቅበትስ ምን እናድርግ?

ሲስተር ቀዶ ክፍል፦

ዶክተር፣ ከመሣሪያ ትሪው በኩል ልንገርዎ፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ትሪው ላይ ነው።

ከማደንዘዣ በፊት። የኢንተርስካሊን ብሎክ (የክንዱን ነርቮች አንገት ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ) የሚሰጥ ከሆነ ነርቮቹ ከብሎኩ በፊት ተመርምረው ቻርቱ ላይ ይጻፋሉ፤ ዴልቶይድ ማጥበቅ፣ ክርን ማጠፍ፣ የታችኛው ክንድ ውጫዊ ቆዳ ስሜት። ይህ ካልተጻፈ ነገ እጁ ሲሰንፍ ብሎኩ ይሁን ቢላው ማንም አያውቅም። ሴፋዞሊን (አንቲባዮቲክ) 2 ግራም ቆዳው ከመከፈቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም ከተሰጠ ደሙ ይቀንሳል፣ እይታውም ይጠራል። ታካሚው ከፊል ተቀምጦ ነው፤ ከስካፑላው (ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት) ሥር የታጠፈ አንሶላ ይገባል። አንሶላው ካልገባ ስካፑላው ወደ ፊት ይሸሽና የብሎኑ አቅጣጫ ይበላሻል። እጁ በነፃ ተሸፍኖ መዞር አለበት፣ ምክንያቱም በየደረጃው ይዞራል።

ትሪው ላይ የሚፈለገው ልዩ ነገር ብዙ አይደለም። 90 ዲግሪ የሚቆርጥ አጭር ምላጭ ያለው መጋዝ፣ ሥጋና አጥንት ገልጠው የሚይዙት የፉኩዳ መሳቢያ፣ ሆህማኖችና ጌልፒ፣ አንድ ስታይንማን ፒን፣ 3.2 ድሪል፣ ጥልቀት መለኪያ፣ 4.5 ማሌኦላር ብሎን ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያለው ሁሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው 35 አካባቢ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ በዚህ አካባቢ ያሉት ልኮች ከሌሉ ቀዶው አይጀመር። «ያለውን 45 አስገባ» የተባለ ብሎን ከኋላ ወጥቶ የሱፕራስካፑላር ነርቭን የሚወጋ ነው።

ቆዳው ከኮራኮይድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ብብት ሽብሽብ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። በዴልቶይድና በፔክቶራሊስ መካከል ሲገባ የሴፋሊክ ደም ሥር ይታያል፤ ይጠበቃል። ክንዱ ተከፍቶ ወደ ውጭ ዞሮ ከኮራኮይድ ወደ አክሮሚየን የሚሄደው ጅማት 1 ሴንቲ ሜትር ጭራ ተትቶለት ይቆረጣል፤ ጭራው በኋላ ለስፌት ይፈለጋል፣ ረስቶ የሚቆርጠው አለ። ከዚያ ክንዱ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ወደ ውስጥ ይዞርና ፔክቶራሊስ ማይነር ከውስጥ በኩል ይላቀቃል። መጋዙ የኮራኮይዱ «ጉልበት» በሚባለው ላይ፣ አጥንቱ ከሚታጠፍበት ፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። እየቆረጡ ውኃ ማፍሰስ ግዴታ ነው፤ የጋለ አጥንት አይጋጠምም። መጋዝ ጠፍቶ በጥምዝ ኦስቲዮቶም (የአጥንት መሮ) ከተሠራ ጨርሶ መቁረጥ እንጂ እንደ ዲጂኖ ፈልቅቆ ማንሣት የለም፤ ስንጥቁ ወደ ግሌኖይዱ ይሮጣል።

የሚወጣው ቁራጭ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከ2 በታች ከሆነ ሁለት ብሎን አይይዝም። ሥረኛው ገጹ ደም ነጠብጣብ እስኪያሳይ ይላጣል፤ ሁለት ቀዳዳ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበሳል። ቁራጩ በጅማቱ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው፤ እዚያ ላይ ጎትቶ ማየት አያስፈልግም። የመስኩሎኪውቴኒየስ ነርቭ ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም ይቀርባል። ክርኑን ማጠፍ አቅቶት የሚነቃው ታካሚ አብዛኛው እዚህ ላይ የተጎተተ ነው።

ሰብስካፑላሪስ አይቆረጥም፤ በላይኛው ሁለት ሦስተኛና በታችኛው አንድ ሦስተኛ መካከል በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል፣ ጌልፒው እዚያ ይገባል። ከበታቹ ጠርዝ ሥር ዴልቶይድን የሚያሠራው አክሲላሪ ነርቭ አለ፤ መሳቢያ የያዘ ረዳት ይህን ሳያውቅ ወደ ታች ሲጫን ዴልቶይዱ ይተኛል። ከረጢቱ ተከፍቶ፣ ፉኩዳው ክንዱን ወደ ኋላ ይዞ፣ ስታይንማኑ ከላይ ጡንቻውን ይዞ፣ ግሌኖይዱ ፊት ለፊት ይታያል። አሮጌው ፍርፋሪ ይወጣል፤ የግሌኖይዱ አንገት ጠፍጣፋ እስኪሆንና እስኪደማ ይፋቃል። ይህን ደረጃ የሚያቻኩል ሰው ብሎኑ በሦስት ወሩ ተጣሞ ያገኘዋል። በቀኝ ትከሻ ላይ የቁራጩ ቦታ በሰዓት ቆጣሪ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። የታችኛው ብሎን ይቀድማል፤ ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ከመገጣጠሚያው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የኋላውን ገጽ እስኪይዝ። ከዚያ ቁራጩ ዞሮ ተስተካክሎ ሁለተኛው ይገባል። ብሎኑ በሁለት ጣት ብቻ ይጥበቅ። በሙሉ እጅ የጠበቀ ብሎን ቁራጩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም። መጨረሻ ላይ ያ የተተወው ጭራ ክንዱ ወደ ውጭ ዞሮ ሳለ ከከረጢቱ ጋር ይሰፋል። ወደ ውስጥ ዞሮ ከተሰፋ ነገ ወደ ውጭ አይዞርም።

ብረትና አጥንት፦

ሲስተር የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ላጠንክር፤ ክትትሉ ላይ የሚያዩት እሱን ስለሆነ። የቁራጩ ገጽ ከግሌኖይዱ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ይታለፋል። በጣም ከገባ ይወልቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ወደ መገጣጠሚያው ብቅ ካለ ግን የክንዱ ልም አጥንት በየዕለቱ ይፈገፈጋል፤ እንደ ወፍጮ ነው። ቁራጩን ትንሽ ወደ ውስጥ ከሚያስገቡ ቀዶ ሐኪሞች ይልቅ ወደ መገጣጠሚያው የሚገፉትን እፈራለሁ።

ስለዚህ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ራጅ ሲያነሡ የፊት ለፊቱ ብቻ አይበቃም፤ ቱቦው ወደ ግሌኖይዱ ትይዩ ዘንበል ብሎ የሚነሣውና በብብት በኩል የሚነሣው ያስፈልጋል። የሚያዩት፦ የብሎኑ ራስ ከመገጣጠሚያው መስመር ውጭ ነው? ብሎኑ ቀጥ ነው ወይስ ተጣሟል? በቁራጩና በግሌኖይዱ መካከል ጥቁር መስመር አለ? በ12ኛው ሳምንት መስመሩ ካልጠፋ ከባድ ሥራ አይፈቀድ፤ ሲቲ ይደገም። በኋላ ወራት የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ትንሽ ሟምቶ ብሎኑ ራቁቱን ቢታይ አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። እጁ ሲዞር የሚንኳኳና የሚያም ብሎን ግን ቶሎ ይላክልን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብብቱ በላይ ወጥሮ የሚያድግ እብጠት የደም መቋጠር ነው፤ በሲሪንጅ አይወጋ፣ ይላክ። ክርን የማጠፍ ድካም ካለ አብዛኛው የተጎተተ ነርቭ ስለሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ በሦስት ወር ምንም ለውጥ ከሌለ ግን አይጠበቅ።

ፊዚዮ ዳሞት፦

ጊዜውን በእኛ ወራት ልቁጠረው፤ ገበሬ «12ኛ ሳምንት» ሲባል አይይዘውም። ጤፉን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጥር መጀመሪያ ላይ ቢሠራ ይሻላል። ኅዳር ላይ ከተሠራ ነዶ ተሸክሞ ያበላሸዋል፤ «ትንሽ ብቻ» ብሎ።

እስከ ጥር መጨረሻ እጁ ማንገቻ ላይ ነው። ጣትና አንጓ ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሱ። ከሳምንት በኋላ ማንገቻውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጁን እንደ ፔንዱለም ያወዛውዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት ደቂቃ። በግራ እጁ እየረዳ እስከ ትከሻው ቁመት ማንሣት ይችላል። ወደ ውጭ ማዞር እስከ የካቲት አጋማሽ ከ30 ዲግሪ አይለፍ። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው፦ እስከዚያው ድረስ ክርኑን በክብደት ማጠፍ የለም። ክርን የሚያጥፈው አጭሩ የባይሴፕስ ጅማት የተያያዘው በብሎን በታሰረው ቁራጭ ላይ ነው፤ አንድ ባልዲ ውኃ ሲያነሣ ብሎኑን ነው የሚጎትተው። ቤት ውስጥ «ትከሻህን አታንቀሳቅስ» ተብሎ ጀሪካን የሚያነሣ አይተናል፤ ትከሻው አልተንቀሳቀሰማ!

ስፌቱ በ14ኛው ቀን ይወጣል። ቁስሉ ሳይደርቅ ጠበል አይጠመቅበት፤ መጠጣቱ አይከለከልም። ዐቢይ ጾም የሚገባው እዚሁ መሐል ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሽሮው ይብዛ። ዋናው ግን ስግደት ነው። ሲሰግድ መላ ሰውነቱ መሬት በነካ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ለዚህ ትከሻ ከጀሪካን የከፋ ነው። ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ በዚህ ጾም ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ጎንበስ በማለት እንዲተካለት አስቀድመው ያሳስቡት። ሰሙነ ሕማማትም ሲመጣ ገና ሦስት ወር አካባቢ ነው፤ ያኔም አይሰግድ። ካልተነገረው ራሱ አይጠይቅም፣ ይሰግዳል።

የካቲት አጋማሽ ላይ ራጁ ደህና ከሆነ በራሱ ጉልበት በሁሉም አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ይጀምራል። ሚያዝያ ሲገባ ማጠንከር፦ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በር እጀታ ላይ ታስሮ፣ ክርኑ ከጎኑ ሳይለይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መሳብ፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር። ቀጥሎ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ፣ ከዚያ አንድ ሊትር፣ ከዚያ ሁለት። በየሁለት ሳምንቱ ይጨመር። ክብደቱን በጨመረ ማግሥት ሌሊት ካመመው አንድ ደረጃ ይመለስ።

የሚያዝያና የግንቦት እርሻ በወንድም ወይም በወንፈል ይሠራ። ሰኔ ላይ በግራው እርፍ ይዞ ለስላሳ መሬት መሞከር ይችላል። ጅራፍ ግን የመጨረሻው ነው። ጅራፍ ሲጮኽ ክንዱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ዞሮ በድንገት ይወነጨፋል፤ ትከሻ የሚወልቅበት አቅጣጫ ልክ እሱ ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት አይሆንም፤ ያኔም ቀኙ ከግራው ጋር ሲነጻጸር በጥንካሬ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ከደረሰ ነው። የቡሄ ጅራፍ ደግሞ ለዘንድሮ ይለፈው። ወደ ውጭ ማዞሩ ከጤናማው 10 ዲግሪ ያህል ቢያንስ ይህ የተጠበቀ ነው፤ ለማስለቀቅ አይታገሉት።

ጮቄ፦

ስለ መጠባበቂያው ጊዜ የተጠየቀው ሳይመለስ ቀረ። እስከ ጥር ድረስ እጁን ከትከሻ በላይ አያንሣ፤ ሲተኛ ክንዱን በነጠላ ከሰውነቱ ጋር ይሰር። ቢወልቅ ከመመለስዎ በፊትም በኋላም አክሲላሪ ነርቭን ይመርምሩ፣ ራጅ ያንሡ። በሆዱ አስተኝተው ክንዱ ከአልጋው ወርዶ 3 እስከ 5 ኪሎ ክብደት ተንጠልጥሎበት 15 ደቂቃ ሲቆይ አብዛኛው በራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ማስታገሻና ማደንዘዣ ይጨመር እንጂ ጉልበት አይጨመር።

ወጌሻው ጋ ቢሄድም አይቆጡት፤ ቢቆጡት ቀጣዩን ይደብቅዎታል። ወጌሻውን ራሱን አግኝተው ሁለት ነገር ብቻ ይለምኑት፦ ብብት ውስጥ ተረከዝ አስገብቶ እንዳይጎትት፣ ደግሞም ከሦስት ሳምንት በላይ ወልቆ የቆየን ትከሻ እንዳይነካ። ያ ያረጀ ውልቃት በጉልበት ሲመለስ አጥንቱ ይሰበራል፣ የብብቱ ደም ሥር ይቀደዳል።

ሪፈሩን ሲጽፉ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያው የታደሰ መሆኑን ይዩ። ብዙ ሰው ክፍያውን የሚያድሰው እህል ከሸጠ በኋላ ስለሆነ ኅዳር ላይ ያለፈበት ሆኖ ይገኛል፤ ባሕር ዳር ደርሶ ከሚመለስ እዚያው ቀበሌው ላይ ያድሰው።

የአባይ ማዶ ሐኪም፦

መታወቂያውን አሁን አየሁት፤ እውነትም አልታደሰም። ሰኞ ገበያ ሲወጣ ያሳድሰዋል። ሪፈሩ ላይ የነርቭ ምርመራውን፣ የመንቀጥቀጥ ታሪክ እንደሌለው፣ 28፣ 6 እና 20 የሚሉትን ልኮች ጽፌ ሲዲውን አያይዣለሁ። ስለ ካሜራው በጀበናው አስረዳሁት፤ «ማቶቱን የሚሠራው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አሁን የሚያከራክረኝ ስለ ቡሄው ጅራፍ ብቻ ነው።